ከስኮቲሽ ቴሪየር ጋር ለሚደረግ የቤተሰብ ጉዞ፦ የመኪና ሣጥን፣ የደረት መታጠቂያና ከፍ ያለ መቀመጫ ሲገመገሙ

ስኮቲሽ ቴሪየር (በአጭሩ ስኮቲ) የተባለውን የውሻ ዝርያ ይዞ ረጅም መንገድ ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ ሻንጣ ከማዘጋጀቱ በፊት ሊወስነው የሚገባው ጉዳይ ውሻው መኪናው ውስጥ የትና እንዴት እንደሚቀመጥ ነው። ለዚህ የሚሸጡት ዕቃዎች በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው፤ ግድግዳው ጠንካራ የሆነ የማጓጓዣ ሣጥን፣ ከመኪናው የደህንነት ቀበቶ ጋር የሚያያዝ የደረት መታጠቂያ፣ እንዲሁም ውሻው በመስኮት ውጭውን እያየ እንዲሄድ ታስቦ ወንበር ላይ የሚታሰር ከፍ ያለ መቀመጫ። ሦስቱንም ልጆች ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ዕቃው እስከ ጣሪያ ተጭኖ በሚደረግ የቤተሰብ ጉዞ ላይ ተጠቅሜባቸዋለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገርና፣ ለዚህ ዝርያ ከሁሉም የሚሻለው ጠንካራው ሣጥን ነው። የደረት መታጠቂያው ሣጥን ለማይገባበት መኪና የሚበቃ ሁለተኛ ምርጫ ሲሆን፣ ከፍ ያለውን መቀመጫ ግን ስኮቲ ላለው ሰው አልመክርም።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከውሻው አካል ነው። ስኮቲሽ ቴሪየር ትከሻው ላይ ሲለካ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ ክብደቱ ከ8.5 እስከ 10.5 ኪሎ ግራም የሚደርስ እንስሳ ነው። እግሮቹ አጫጭር፣ አጥንቱ ወፍራም፣ ራሱ ረጅም፣ ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ደረቱም በፊት እግሮቹ መካከል ወደ ታች የወረደ ነው፤ በስኮትላንድ ተራሮች ቀበሮና መሰል አውሬዎችን እስከ ጉድጓዳቸው ተከትሎ እንዲገባ የተራባ በመሆኑ ሰውነቱ በትንሽ ቁመት ብዙ ኃይል የያዘ ነው። ዕቃ አምራቾች ግን መጠን የሚያወጡት አብዛኛውን ጊዜ በክብደት ወይም በቁመት ብቻ ስለሆነ፣ ስኮቲው በሰንጠረዣቸው ላይ ከትናንሽ ውሾች ጋር ይመደብና የመጣው መታጠቂያ ደረቱ ላይ አልዘጋ ይላል፣ ወይም የሣጥኑ ጣሪያ ጆሮውን ይጫነዋል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ውሻውን አቁሞ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጭራው ሥር ያለውን ርዝመት፣ ከመሬት እስከ ጆሮው ጫፍ ያለውን ከፍታና ከፊት እግሮቹ ኋላ ያለውን የደረት ዙሪያ መለካት ያስፈልጋል። የላይኛው ፀጉሩ ሻካራ፣ የውስጡ ደግሞ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሜትሩን ፀጉሩን ሰርስሮ ቆዳው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ እንጂ ከላይ ከላይ መለካት ትክክለኛውን መጠን አይሰጥም።

ሣጥን ስል ከወፍራም ፕላስቲክ ወይም ከአሉሚኒየም ተሠርቶ በማሰሪያ ከመኪናው ወለል ጋር የሚጠፈረውን ማለቴ ነው። ተጣጣፊው የሽቦ ሣጥን ለቤት ውስጥ ጥሩ ነው፤ መኪና ውስጥ ግን በግጭት ጊዜ ተጨራምቶ ሽቦው ራሱ ውሻውን ሊወጋ ይችላል። ከጨርቅና ከዚፕ የተሠራውም ለመቆፈር ለተፈጠረ ውሻ የሚሆን አይደለም፤ ስኮቲ በጥፍሩ ከተጠመደበት የዚፑ ጥርሶች ብዙ አይቆዩም።

የጠንካራው ሣጥን ጥሩነት በዚህ ዝርያ ላይ ጎልቶ የሚታየው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ስኮቲ አካባቢውን ያለማቋረጥ የሚከታተል፣ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ ጉዳዬ ነው የሚል ውሻ ነው፤ በመስኮት እያየ ሲሄድ በእያንዳንዱ ሞተር ብስክሌትና በእያንዳንዱ ሌላ ውሻ ላይ ይጮኻል፣ ልጆቹም ይረበሻሉ፣ ሹፌሩም ዓይኑን ከመንገዱ ይነቅላል። ሣጥን ውስጥ ሲሆን የሚያየው ስለሚያንስ ሐሳቡ ይሰበሰባል። የእኛ ውሻ ከገባ በኋላ ሁለት ጊዜ ዞሮ ምንጣፉን በፊት እግሩ ይቧጥጣል፣ ከዚያ አገጩን በሩ ደፍ ላይ አሳርፎ ጢሙን በፍርግርጉ መካከል ያወጣል፤ ዋናው መንገድ ላይ ወጥተን ፍጥነቱ ሲረጋ ዓይኖቹ ይከደናሉ። ከዚያ በኋላ እስከ መጀመሪያው ማረፊያ ድረስ ድምፁ አይሰማም።

ሣጥን ሲመረጥ ሻጮች ብዙም የማይናገሩለት፣ ለስኮቲ ግን ወሳኝ የሆነው ነገር የአየር ቀዳዳዎቹ ከፍታ ነው። ብዙዎቹ ሣጥኖች እግረ ረጅም ውሻ ቆሞ እንዲተነፍስ ታስበው ስለተሠሩ ቀዳዳዎቻቸው ያሉት ከግድግዳው አጋማሽ በላይ ነው፤ ስኮቲ ግን ሲተኛ አፍንጫው ከወለሉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ስለሚል፣ የላይኛው አየር እየተንቀሳቀሰ እሱ የተኛበት ጥግ ታፍኖ ሊቀር ይችላል። ቢያንስ በሦስት ጎኖቹ፣ ዝቅ ብሎም ቀዳዳ ያለውን መምረጥ ይገባል። የመግቢያው ደፍም እንደዚሁ ዝቅ ያለ ካልሆነ አጭር እግር ያለው ውሻ ሆዱን እየፋቀ ነው የሚገባው። ወለሉ ለስላሳ ፕላስቲክ ከሆነ መኪናው በታጠፈ ቁጥር የፊት እግሮቹ ወደ ጎንና ጎን ይንሸራተታሉና፣ ከሥር ላስቲክ ያለው ምንጣፍ በልክ ተቆርጦ ቢነጠፍበት ለውጡ ወዲያው ይታያል። የእኛ ሣጥን በር በኮረኮንች መንገድ ላይ ይንኳኳ ነበር፤ በመዝጊያው ዙሪያ ስስ የላስቲክ ጥብጣብ ሲለጠፍበት ድምፁ ጠፍቷል። ጥቃቅን የሚመስል ጉዳይ ቢሆንም ጆሮው ንቁ ለሆነ ውሻ የማያቋርጥ የብረት ኳኳታ እረፍት ይነሳል።

ስለ ስፋቱ የሚነገረው ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ርህራሄ የተሰማው ገዢ ትልቁን ይመርጣል፤ ነገር ግን መኪናው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ትርፍ ቦታ ማለት ውሻው የሚወረወርበት ርቀት ማለት ነው። ውሻው ቆሞ ጆሮው ጣሪያውን ካልነካ፣ ዞሮ መተኛትና እግሩን መዘርጋት ከቻለ ይበቃዋል፤ ለአብዛኞቹ አዋቂ ስኮቲዎች ወደ 76 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለው ሣጥን ይህንን ያሟላል።

የግጭትን ጉዳይ በቁጥር ማየቱ ተገቢ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ በውስጡ ባለው ነገር ሁሉ ላይ የሚያርፈው ኃይል የዚያን ነገር ክብደት 20 እጥፍ ገደማ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ስኮቲ በዚያች ቅጽበት 200 ኪሎ ሆኖ ወደፊት ይወረወራል ማለት ነው፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ የልጅ ጀርባ ወይም የሹፌሩ ራስ ሊሆን ይችላል። ውሻ በመኪና ውስጥ እንዲታሰር በሕግ ወይም በመንገድ ደንብ የሚጠይቁ አገሮች የሚነሱት ከዚህ ነው፤ የብሪታንያው የመንገድ ደንብ ለምሳሌ በ57ኛው አንቀጹ ውሻ ሹፌሩን እንዳያዘናጋ፣ በድንገት ሲቆምም ሰውንና ራሱን እንዳይጎዳ በአግባቡ እንዲያዝ ያዛል።

ይሁንና ሣጥኑ የሚያድነው በትክክል ከታሰረ ብቻ ነው። ከኋላ ወንበር መደገፊያ ጋር ተጠግቶ፣ በመኪናው ወለል ላይ ባሉት የብረት ቀለበቶች በኩል በማይለጠጥ ጠንካራ ማሰሪያ መወጠር አለበት። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መንጠቆ ያለው የላስቲክ ገመድ በግጭት ጊዜ ስለሚለጠጥ ሣጥኑን ከነውሻው ይለቀዋል። ሌላው ሊነገር የሚገባው ስጋት ከኋላ የሚመጣ ግጭት ነው። እጅግ ግትር የሆነ ሣጥን ከኋላ ሲገፋ የወንበሩን መደገፊያ ወደ ተቀመጡት ልጆች ሊያስገባ ስለሚችል፣ ከኋላ ወንበር ሰው የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ሣጥኑ ከኋላ ሲመታ በተወሰነ ደረጃ እንዲታጠፍ ሆኖ የተሠራ መሆኑን ሻጩን አጥብቆ መጠየቅ አለበት።

የሣጥኑ ድክመቶች እውነተኛ ናቸው። ከባድ ነው፣ የዕቃ መጫኛውን ግማሽ ይወስዳል፣ ዋጋውም ከመታጠቂያው በእጅጉ ይበልጣል። ሁለት ስኮቲ ያለው ሰው ሁለት ሣጥን ያስፈልገዋል፤ በቤት ውስጥ ተቃቅፈው የሚተኙ ውሾች እንኳ በጠባብ ቦታ ለሰዓታት ሲዘጋባቸው ሊጣሉ ይችላሉ፣ በግጭትም ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል። ለሁለት ሣጥን የሚበቃ መኪና ያለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። በተጨማሪም ይህ ዝርያ ራሱን ችሎ የሚያስብ በመሆኑ በጉዞው ዕለት ጠዋት በግድ ግባ ቢሉት አራት እግሩን ተክሎ ይቆማል። ሣጥኑ ከጉዞው ሳምንታት አስቀድሞ ቤት ውስጥ በሩ ተነቅሎ ቢቀመጥና ምግቡ በውስጡ ቢቀርብለት ግን የራሱ ያደርገዋል፤ ስኮቲ የእኔ ነው ያለውን ቦታ አጥብቆ ይይዛል።

አሁን ወደ ደረት መታጠቂያው ልምጣ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ቀላል ነው፣ በየትኛውም መኪና ይሠራል፣ በማረፊያ ቦታም ማሰሪያ ተጨምሮበት ለእግር ጉዞ ሊያገለግል ይችላል። ችግሩ ግን «በግጭት ተፈትኗል» የሚለው ጽሑፍ ሁሉም የሚስማማበት መለኪያ ሳይኖር በብዙ ማሸጊያዎች ላይ የሚለጠፍ መሆኑ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው ሴንተር ፎር ፔት ሴፍቲ የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ከመኪና አምራቹ ከሱባሩ ባገኘው ድጋፍ መታጠቂያዎችን በአሻንጉሊት ውሾች ሲፈትን ከፍተኛውን ውጤት ያገኘው የስሊፒፖድ ክሊክኢት ዩቲሊቲ ነበር። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ሣጥኖችን ሲፈትን ደግሞ ከገነር ኬነልስ የወጣው ሣጥን ጥሩ ውጤት አግኝቷል። የእነዚህን ምርቶች ስም የምጠቅሰው ገዢ «ተፈትኗል» ሲባል ማን ፈተነው ብሎ ሊጠይቅ እንደሚችልና መልስም ሊያገኝ እንደሚገባ ለማሳየት ነው።

በስኮቲ ላይ ግን ጥሩው መታጠቂያ እንኳ ሁለት ችግር ያመጣል። የደረቱ አጥንት ወደ ፊት የወጣና ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ለቀጥተኛ ደረት የተሠራ ማሰሪያ ወደ ብብቱ ይንሸራተትና ክርኑ ሥር ቆዳውን ይፈትጋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ የሆዱና የእግሩ ረጅም ፀጉር ነው፤ ከጥቂት ሰዓት ጉዞ በኋላ በማሰሪያው ሥር ተጠቅልሎ ይቋጠራልና በየማረፊያው መታጠቂያውን ፈትቶ በጣትና በሰፊ ማበጠሪያ መፍታት የግድ ይሆናል። ደረቱን የሚሸፍን ሰፊና የተደላደለ የጨርቅ ክፍል ያለው ከቀጫጭን ማሰሪያዎች በእጅጉ ይሻላል። ከቀበቶው ጋር የሚያገናኘው ማሰሪያ አጭር ይሁን፤ ውሻው ተነስቶ ለመዞር ከቻለ በቂ ነው። ከአንገት ማሰሪያ ጋር ማያያዝ አንገት ሊሰብር ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም፣ ኤርባግ ያለበት የፊት ወንበርም የውሻ ቦታ አይደለም።

ከፍ ያለው መቀመጫ ሲታይ ያምራል፣ ልጆችም ይወዱታል። ነገር ግን አብዛኛው ከስፖንጅና ከጨርቅ የተሠራ፣ በቀጭን ጥብጣብ ከወንበሩ ጋር የሚታሰር፣ ውሻውን ደግሞ በአንዲት አጭር ገመድ የሚይዝ ነው። ከባድ ደረትና አጭር እግር ያለው ስኮቲ ክብደቱ ከፊት ስለሆነ፣ መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ከጠርዙ በላይ አዘንብሎ በገመዱ ይንጠለጠላል። ለመውረድ ሲፈልግም ከዚያ ከፍታ ይዘላል፤ ረጅም ጀርባና አጭር እግር ላለው ውሻ ደጋግሞ ከከፍታ መዝለል የሚበጅ አይደለም። ስለዚህ ዕቃ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የትኛውም ዕቃ ቢመረጥ የቆመ መኪና ሙቀት አንድ ነው። ውጭው 21 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነበት ደስ የሚል ቀን የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 32፣ በግማሽ ሰዓት 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ መስኮቱን በጥቂቱ ከፈት ማድረግም እምብዛም አይለውጠውም። ድርብ ፀጉር ላለው፣ ብዙውን ጊዜም ጥቁር ለሆነ ውሻ ይህ የሞት አደጋ ነውና ቤተሰቡ ምግብ ለመብላት ሲገባ አንድ ሰው ከውሻው ጋር ውጭ መቅረት አለበት።

ስለ ማረፊያዎች ጥቂት ልናገር፣ ምክንያቱም የዕቃው ጥራት የሚፈተነው በሩ በተከፈተባት ቅጽበት ነው። ቴሪየር አንዲት አይጥ ወይም ድመት ካየ የጠሩትን አይሰማም። የሣጥኑ በር በጥቂቱ ተከፍቶ እጅ ገብቶ ማሰሪያውን ሳያያይዝ ሙሉ በሙሉ እንዳይከፈት የሚያደርግ ሁለተኛ መቆለፊያ ያለው ሣጥን እዚህ ላይ ዋጋውን ይመልሳል። ለመውጣትና ለመውረድም ተጣጣፊ መወጣጫ መያዝ ወይም ደረቱንና ኋላውን በሁለት እጅ ደግፎ ማውረድ ይገባል። ልጆች ወዲያው አብረውት እንዲሮጡ ባይፈቀድላቸው ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ስኮቲዎች በደስታ ወይም በሩጫ ሲቀሰቀሱ የኋላ እግራቸው የሚገተርበት፣ ጀርባቸው የሚጎብጥበት፣ ስኮቲ ክራምፕ የሚባል የውርስ ችግር አለባቸው። ሕመም የለውም፣ ሲያርፉም በደቂቃዎች ይለቃቸዋል፤ ለማያውቀው ቤተሰብ ግን በባዕድ መንገድ ዳር እጅግ ያስደነግጣል።

በማረፊያ ቦታ ሣር ላይም ጥንቃቄ ያሻል። ስኮቲሽ ቴሪየር በሽንት ፊኛ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌሎች ውሾች ከ18 እስከ 20 እጥፍ ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናትም ፀረ-አረም የተረጨበት ሣር ላይ ከመዋል ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። በነዳጅ ማደያዎችና በሆቴሎች ዙሪያ ያለው አረም የማይታይበት የተስተካከለ ሣር የተረጨ ሊሆን ስለሚችል፣ እኛ ውሻውን የምናናፍሰው ባልተከረከመው ዳርቻ ነው፤ ወደ ሣጥኑ ከመመለሱ በፊትም እግሩንና የሆዱን ፀጉር በእርጥብ ጨርቅ እንጠርጋለን። የሣጥኑ ምንጣፍ ወጥቶ የሚታጠብ መሆኑ ለዚህም ይጠቅማል።

ከስኮቲ ጋር መጓዝ ከታዋቂ ሰው ጋር እንደመጓዝ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፋላ የተባለውን ስኮቲያቸውን በባቡርም በመርከብም ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ከብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ከዊንስተን ቸርችል ጋር የአትላንቲክ ቻርተር በተባለው የጋራ መግለጫ ላይ በተነጋገሩበት ጉዞም አብሯቸው ነበር። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ፋላ ወርዶ መናፈስ ስለነበረበትና ያየው ሁሉ ፕሬዚዳንቱ መኖራቸውን ስለሚያውቅ፣ የጥበቃ ሰዎቹ «አሳባቂው» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ዛሬም በየማረፊያው ሰው ተጠግቶ ሊዳስሰው ይፈልጋል። ስኮቲ ለቤተሰቡ ታማኝ ለእንግዳ ግን ቁጥብ ስለሆነ፣ ሰው ሲበዛበት የሚገባበት የራሱ ሣጥን መኖሩ ለውሻውም ለልጆቹም ሰላም ነው።

ውኃ ማጠጣት በዚህ ውሻ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ጢሙ ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ከጠጣ በኋላ ወዲያው ካልተጠረገ ምንጣፉን አርሶ ሣጥኑን ያገማዋል። በሣጥኑ በር ላይ ከሚንጠለጠለው ጎድጓዳ ሳህን ይልቅ፣ ውኃው በመሐል ባለች ጠባብ ቀዳዳ በጥቂት በጥቂቱ የሚወጣበትን የማይደፋ ሳህን በየማረፊያው አውጥቶ ማቅረብ ይሻላል። መኪና የሚያቅለሸልሸው ከሆነ ከጉዞው በፊት ባሉት ሰዓታት ምግብ አለመስጠት ይረዳል፣ ማሮፒታንት የተባለው መድኃኒትም ለዚሁ ስለሚሠራ የእንስሳት ሐኪምን ማማከር ነው።

የዕረፍት ቦታው ከተደረሰ በኋላ ሣጥኑ ሁለተኛ ሥራውን ይጀምራል። በማያውቀው ክፍል ውስጥ፣ በማያውቀው ሽታ መካከል፣ የራሱ ምንጣፍ ያለበት ሣጥን አልጋው ይሆናል፤ ውሻ የሚቀበሉ ብዙ ማረፊያዎችም እንስሳው ብቻውን ክፍል ውስጥ እንዲቀር የሚፈቅዱት በሣጥን ከሆነ ነው። መታጠቂያው ይህንን አገልግሎት ሊሰጥ አይችልም። ቦታው ባሕር ወይም መዋኛ ካለው ግን የሕይወት አድን ጃኬት መጨመር ያስፈልጋል፤ ስኮቲ በከባድ ደረቱና በአጭር እግሮቹ ምክንያት ደካማ ዋናተኛ ነው፣ ብዙዎቹም ይሰጥማሉ።

ጉዞው ድንበር የሚሻገር ከሆነ ከውሻው ቆዳ ሥር የሚቀመጠውን የመለያ ማይክሮቺፕና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ማስረጃ በሣጥኑ ክዳን ላይ በሚለጠፍ ውኃ በማያስገባ ከረጢት መያዝ ይመቻል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመግባት ቺፑ ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ዕለት መቀመጥ አለበት፣ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላም 21 ቀን መጠበቅ ይጠይቃል። በዚያው ከረጢት ውስጥ የውሻው የደም ምርመራ ውጤት ቢኖር መልካም ነው፤ በዚህ ዝርያ ውስጥ ቮን ቪልብራንድ የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የውርስ በሽታ ስላለ፣ በአደጋ ጊዜ የማያውቀው ሐኪም ቀዶ ጥገና ከመጀመሩ በፊት ይህንን ማወቅ አለበት።

ሣጥኑን አዲስ ለመግዛት ዋጋው ከከበደ ያገለገለውን መፈለግ ይቻላል፣ ነገር ግን በግጭት ውስጥ ያለፈ ሣጥን ከውጭ ደህና ቢመስልም አቅሙ ያው አይደለም። ማሰሪያው የሚገባባቸውን ማዕዘኖች በእጅ ዳስሶ ስንጥቅ፣ የነጣ ፕላስቲክ ወይም የተጣመመ ብሎን ካለ መተው፣ ሻጩም ሣጥኑ ከየት እንደመጣ በግልጽ ካልተናገረ ገንዘቡን ለጥሩ መታጠቂያ ማዋል የተሻለ ነው።